አስካሪው የማን ልጅ ነበር?



ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዳችን ግቢ የተቀመጡ ወጣቶች ስልክ ከበው ቪዲዮ ያያሉ። ስለ ሸይኽ ዑመር አል ሙኽታር ከተሠራው ፊልም ተቆርጦ የወጣ ነው፤ ሸይኹ ወደ መስቀያው ሲወሰዱ ያሳያል። ሁላችንም አይተነዋል፣ ያላለቀሰም ጥቂት ነው። ቪዲዮው እንዳለቀ አንደኛው ልጅ፣ «ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው ሊቢያዎቹን የወጉት እኮ ከኛ አካባቢ የሄዱ ክርስቲያኖች ናቸው» አለ። ሌላኛው ደግሞ አንድ ክርስቲያን ወጣት የጻፈውን ከስልኩ አነበበ፤ «ደብረ ሊባኖስ ላይ መነኮሳቱን የረሸኑት ሙስሊሞች ናቸው» ይላል። ከዚያ ጫጫታ ሆነ። ገሚሱ ውሸት ነው ይላል፣ ገሚሱ መልስ እንጻፍለት ይላል። በመጨረሻ ወደኛ ዞረው፣ «ኡስታዝ፣ የቱ ነው እውነቱ?» አሉን።

ሁለቱም እውነት ነው አልናቸው። መልሳችን ማንንም አላስደሰተም። የመግሪብ አዛን ስለደረሰ ጨዋታው እዚያው ተቋረጠ፤ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው የቀረውን ለመጨረስ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። «አስካሪ» ባዕድ ቃል አይደለም። በመድረሳ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው በዐረብኛ «ዐስከር» ጦር ማለት ነው፣ «ዐስከሪ» ደግሞ ወታደር። ቱርክና ግብፅ ምጽዋን በገዙበት ዘመን ቃሉ በቀይ ባሕር ዳር ተለመደ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1885 ምጽዋን ስትይዝ ከቃሉ ጋር ወታደሮቹንም ወረሰች፤ ለቱርክና ለግብፅ ያገለግሉ የነበሩትን ቀጠረቻቸው። ሙንታዝ፣ ቡሉክባሺ፣ ሹምባሺ የሚሉት የአስካሪ ማዕረጎች ከዐረብኛና ከቱርክኛ የመጡ ናቸው። ጥቁር ሰው ከሹምባሺ አያልፍም ነበር። ሃያ ዓመት የተዋጋ፣ ሰውነቱ በጥይት የተበሳሳ ሹምባሺ ትናንት ከሮም ለመጣ ወጣት መኮንን ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል። ዛሬ እርስ በርሳችን የምንሰዳደብበት «ባንዳ» የሚለው ቃልም ከጣሊያን የመጣ ነው፤ መደበኛ ላልሆነው ጭፍራ የሰጡት ስም ነበር።

ሰው ለምን አስካሪ ሆነ? ለአንዳንዱ ሆዱ ነው፣ ለአንዳንዱ ጠመንጃው፣ ለአንዳንዱ ከአካባቢው ሹም ጋር ያለው ቂም። ግን አንድ ነገር መርሳት የለብንም። ጣሊያን ምጽዋን በያዘች በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ፈጀው። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት ረሃብ ተከተለ። በሬ የሞተበት ገበሬ በወር በወሩ ደመወዝ የሚሰጥ ሰው ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ለመፍረድ ጠግበን ለምናድር ሰዎች ይቀላል።

አሁን ወደ ዓድዋ እንምጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 የሆነውን ሁላችንም በኩራት እናነባለን፣ ማንበብም ይገባናል። ከድሉ በኋላ ምርኮኞች ላይ የሆነውን ግን በዓሉ ሲከበር የሚያነሳው ጥቂት ነው። ወደ 1,900 የሚጠጋ ጣሊያናዊ ተማረከ። እነዚህ ሰዎች ወደ ሸዋ ተወስደው በየሰው ቤት ተመደቡ፣ አገሬው ከሚበላው በሉ፣ እጀ ሙያ የነበራቸው በሙያቸው ሠሩ። ጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ ውሉ ሲፈረም ተለቀቁ፣ ለቀለባቸውም ጣሊያን 10 ሚሊዮን ሊሬ ልትከፍል ተስማማች። በጊዜው የአውሮፓ ጋዜጦች ለምርኮኞቹ የተደረገውን አያያዝ አመስግነዋል።

ከነጮቹ ጋር የተማረኩት አስካሪዎች ግን 800 ያህሉ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። የንጉሥ ከዳተኛ ቅጣት ነው ተባለ። አፄ ምኒልክ እንዳመነቱ፣ በዙሪያቸው የነበሩት ግን እንደገፏቸው ይተረካል። ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በኋላ በአካባቢው ያለፈው እንግሊዛዊው አውጉስተስ ዋይልድ የተቆራረጡትን ሰዎች በዓይኑ አይቶ ጽፏል፤ የተረፉት ተደርድረው የተነሡት ፎቶግራፍም እስከ ዛሬ አለ። እዚህ ላይ አንድ የሚከነክነን ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ከዳተኛ የተባሉት አገራቸውን ትተው ለጣሊያን በማደራቸው ነው። መሬታቸውን ግን በ1881 ውጫሌ ላይ ለጣሊያን የፈረመው ማን ነበር? ውሉ ኋላ ፈርሷል። ቢሆንም ሐማሴን ላለ ገበሬ አንድ ቀን የጣሊያን ነህ፣ በማግስቱ ደግሞ ከዳተኛ ነህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጦሩን ያዘመተው፣ ጄኔራሉን የሾመው፣ ደመወዙን የከፈለው ነጭ እንደ እንግዳ ሰነበተ። ያልቀናው የኛው መልክ ያለው ነው።

አካል መቁረጥ በዲናችን «ሙስላ» ይባላል፣ በጦር ሜዳ የተከለከለ ነው። የበድር ምርኮኞችን ሲራ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሱሀይል ኢብኑ ዐምር በአንደበቱ ሙስሊሞችን ያስቸገረ ሰው ነበር። ሲማረክ ዑመር (ረ.ዐ) የፊት ጥርሱ ይነቀል ብለው ጠየቁ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እምቢ አሉ። የሙስዐብ ወንድም አቡ ዐዚዝም ከምርኮኞቹ አንዱ ነበር። የማረኩት አንሷሮች ዳቦውን ለሱ እየሰጡ እነሱ ተምር ይበሉ እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል፤ በዚያ ጊዜ መዲና ውስጥ ዳቦ ከተምር የከበረ ነበር። ይህን የምናነሳው ዓድዋ ላይ በነበሩት ለመፍረድ አይደለም። ቀጥለን የራሳችንን ሰዎች ስለምናነሳ ሚዛኑ ከወዲሁ እንዲታወቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1911 ጣሊያን ሊቢያን ወረረች። በማግስቱ ዓመት ከምጽዋ የተጫኑ የኤርትራ አስካሪዎች ትሪፖሊ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ መርከቡ አላቆመም። አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ከመረብ ወዲህ ከትግራይና ከሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ አገር ተሻግረው የተቀጠሩም ብዙ ናቸው። ጣሊያን ሙስሊምን በሙስሊም ላይ ማዝመት እንደሚያስቸግር ስለምታውቅ ለሊቢያ ክርስቲያን አስካሪ ትመርጥ ነበር። ይህን ምርጫ ያዙልን፣ ኋላ እንመለስበታለን።

እነዚያ አስካሪዎች በሊቢያ ምን አዩ፣ ምንስ አደረጉ? ይህን የጻፈልን ሊቢያዊ ብቻ አይደለም። አባ ገብረየሱስ ኃይሉ የተባሉ ኤርትራዊ የካቶሊክ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1927 በትግርኛ አንድ ልብ ወለድ ጻፉ፤ አስመራ ላይ የታተመው ከ23 ዓመት በኋላ በ1950 ነው። አንድ ወጣት አስካሪ ከቤተሰቡ ተለይቶ ሊቢያ ይዘምታል፣ በበረሃው ጥም ጓዶቹ ይረግፋሉ፣ ለአገራቸው የሚዋጉትን ዐረቦች ሲያይ ደግሞ እኔ ለማን ነው የምዋጋው ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ቄሱ ክርስቲያን ናቸው፣ አስካሪዎቹ የወገኖቻቸው ልጆች ናቸው፣ የሚወጉት ሙስሊሞች ናቸው። እሳቸው ግን የወገኔን ነውር ልሸፍን አላሉም። የቅኝ ገዢው አገዛዝ ገና ሳይነቀል የወገናቸውን ጉድ በወገናቸው ቋንቋ ጻፉት።

ሊቢያ ላይ የከፋው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ግራዚያኒ የቂሬናይካ ምክትል ገዢ ሆኖ መጣ። ዛዊያዎች ተዘጉ፣ ንብረታቸው ተወረሰ። ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከነከብቱ ከጀበል አል አኽዶር ተነቅሎ በባሕር ዳርና በበረሃ በታጠሩ ካምፖች ታጎረ፤ ሱሉቅ፣ መግሩን፣ ዑቀይላ። ከእነሱ ውስጥ በረሃብና በበሽታ የሞተው ከ40,000 በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከጠባቂዎቹ መካከል የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩበት። ሸይኽ ዑመር አል ሙኽታር የዛዊያ የቁርኣን አስተማሪ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ሰው ናቸው። መስከረም 1931 ፈረሳቸው ወድቆ ተያዙ። የያዟቸውም የጣሊያንን ዩኒፎርም የለበሱ የሊቢያ ፈረሰኞች ነበሩ፤ ስማቸውን የለዩትም እነሱ ናቸው። ቪዲዮውን ያየው ወጣታችን «ክርስቲያኖች ናቸው» ሲል ይህን አላወቀም ነበር። ፍርዱ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። እንዲሟገትላቸው የተመደበው ጣሊያናዊ መኮንን ከልቡ ስለተሟገተ እሱም ተቀጣ። በማግስቱ ሴፕቴምበር 16 ሱሉቅ ላይ 20,000 ያህል የካምፑ እስረኛ እንዲያይ ተደርጎ ተሰቀሉ። አላህ ይዘንላቸው።

አራት ዓመት ቆይቶ መርከቡ አቅጣጫውን ለወጠ። መስከረም 1928 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር በደቡብ ግንባር የዘመተው ያው ግራዚያኒ ነው፤ ከጦሩ ውስጥ በጄኔራል ናዚ የሚመራ የሊቢያ ክፍለ ጦር ነበረ። ሚያዝያ 1928 ኦጋዴን ላይ በተደረገው ውጊያ ይህ ጦር ምርኮኛ አልያዘም ማለት ይቻላል። እጁን የሰጠውን ጭምር ይገድል ነበር፤ የጣሊያኖቹ የጦር መልእክቶች ራሳቸው ምርኮኛው ማነሱን የሊቢያዎች ልማድ ነው እያሉ ያልፉታል። ሊቢያዎቹ አስካሪዎች በአገራቸው ያደረጉትን እየተበቀሉ ነው ተብሎ ተጽፏል። በማን ላይ? ኦጋዴን የወደቀው ከሐረርና ከሌላው አገር የመጣ ገበሬ ሊቢያ በየት በኩል እንዳለች እንኳ ላያውቅ ይችላል። ከደጃዝማች ነሲቡ ጦር ውስጥ ደግሞ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ምሽጉን ያማከሩት ቱርካዊው ጄኔራል ወሂብ ፓሻ ናቸው። ከዚያ በፊት ወልወል ላይ ከፊታውራሪ ሺፈራው ጋር የተሰለፈው ዑመር ሰመተር ሶማሌ ነው፤ ከጣሊያን ጋር የተጣላው ገና እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር። እንግዲህ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ተኮሰ። ኪሳራው በደም ተከፈለ፣ ገዢው ግን ከኪሱ አላወጣም።

ኡሑድ ላይ የሐምዛ (ረ.ዐ) አስከሬን ተቆራርጦ ሲገኝ ሶሐቦች ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ። ድል ብናገኝ ዐረብ ያላየው ዓይነት በቀል እንበቀላለን ብለው ነበር። ወሕይ መጥቶ ከለከላቸው፤ ከተደረገባችሁ አታሳልፉ፣ ከታገሣችሁ ደግሞ ይሻላል የሚል ነው ትርጉሙ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ታገሡ። ልብ በሉ፣ ሐምዛ ላይ ያን ያደረጉት ሰዎች ይታወቁ ነበር። ከነስማቸው። ቢሆንም የተፈቀደው ልክ ያለው ነው። የኦጋዴኑ በቀል ግን ያደረገውን ሰው እንኳ አልፈለገም።

አሁን ልጆቻችን ልንሸፍነው ወደሚፈልጉት እንምጣ።

ጣሊያን አዲስ አበባ ስትገባ የሙስሊሙ ጉዳይ ምን እንደነበር መካድ አያስፈልግም። አባቶቻችን መሬት የላቸውም፣ ሹመት የላቸውም፣ በዓላቸው አይታወቅም፤ በገዛ አገራቸው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይባላሉ። ጣሊያን ይህን ቁስል አወቀች። መስጂድ እንዲሠራ አደረገች፣ የቃዲ ፍርድ ቤት ከፈተች፣ ዐረብኛ እንዲማሩ ፈቀደች፣ ሐጅ ላከች። ማርች 1937 ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ በፈረስ ሆኖ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለውን ጎራዴ ከፍ አድርጎ ፎቶ ተነሣ። ሸይኽ ዑመር ከተሰቀሉ ገና ስድስት ዓመት አልሞላም። ዛዊያውን የዘጋው ግራዚያኒ አዲስ አበባ ላይ የሙስሊሙ ወዳጅ ሆነ። ከአባቶቻችን አንዳንዱ አመነው፣ አንዳንዱ ሳያምነው ተጠቀመበት፣ ሌላው ደግሞ ከአርበኛው ጋር ጫካ ገባ።

በየካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ግራዚያኒ ወጣቶቹን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ረድተዋቸዋል ብሎ አመነ። ግንቦት 12 የተክለ ሃይማኖት በዓል ነው፣ ገዳሙ በእንግዳ ይሞላል። ጄኔራል ማለቲ የመጣው ለዚያ ቀን ነው። በማግስቱ መነኮሳቱና ለበዓሉ የመጡ ምእመናን በመኪና እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደተባለ ሸለቆ ተወሰዱና በመትረየስ ተፈጁ። ከቀናት በኋላ ዲያቆናቱ፣ ገና ልጆች ያሉባቸው፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ ተገደሉ። ግራዚያኒ ለሮም ያስተላለፈው ቁጥር ተደምሮ 449 ነው፤ በኋላ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ያደረጉት ጥናት ትክክለኛው ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ተኳሾቹ ከሙስሊም አስካሪዎች የተዋቀረው 45ኛው የቅኝ ግዛት ሻለቃ ነበሩ። ጣሊያን እነሱን የመረጠችው ክርስቲያን አስካሪ መነኩሴ ላይ አይተኩስም ብላ ነው። ከላይ ያዙልን ያልነው ይህ ነው፤ ለሊቢያ ክርስቲያን፣ ለደብረ ሊባኖስ ሙስሊም።

«ታዝዘው ነው» የሚል መልስ እንሰማለን። ታዝዘው ነው፣ እውነት ነው፤ የሊቢያዎቹ ካምፕ ጠባቂዎችም ታዝዘው ነው። አላህን በማመፅ ለፍጡር መታዘዝ የለም የሚለውን መርህ ልጆቻችን በቃላቸው ያውቁታል። የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበክር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ጦር ሲልኩ በገዳማቸው ራሳቸውን ለአምልኮ ያገለሉ ሰዎችን አትንኩ ብለው ማዘዛቸው ተዘግቧል። ስለዚህ የሻለቃው ሰዎች ሙስሊም መሆናቸው ጥፋቱን የባሰ ያደርገዋል እንጂ አያቀለውም። ቄሱ የወገናቸውን እንደጻፉ እኛም የወገናችንን እንጽፋለን። «ውሸት ነው» ብላችሁ መልስ ልትጽፉ የነበራችሁ ልጆች፣ አትጻፉ።

የጣሊያን እጅ የገባው ኢትዮጵያዊ ምርኮኛ ዕጣውስ? ፊቼ ላይ እጃቸውን የሰጡት የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋወሰን ተገደሉ። ራስ ደስታ ዳምጠው በተያዙ ጊዜ ተረሸኑ። ሌላው ወደ ኖኩራ ደሴትና ከሞቃድሾ በታች ወዳለው ደናኔ ተጋዘ። ከደናኔ እስረኞች አንዱ ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት የቃለ መሐላ ምስክርነት ከ6,500 እስረኛ 3,175 መሞቱን ተናግረዋል። ዓድዋ ላይ ከማረካቸው ገበሬ ማዕድ የበሉት የነዚያ 1,900 ሰዎች አገር ናት ይህን ያደረገችው።

ግራዚያኒ ለሊቢያም ለኢትዮጵያም አንድ ቀን ፍርድ ፊት አልቆመም። ኢትዮጵያ ይሰጠኝ ብላ ጠይቃ ነበር፤ አልተሰጠም። እ.ኤ.አ. በ1950 የጣሊያን ፍርድ ቤት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ 19 ዓመት ፈረደበት፣ በወራት ውስጥ ተፈታ። በ1955 ሮም ውስጥ ሞተ። በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ቆመለት።

አስካሪው ደግሞ ከረን ላይ ነው። በ1933 ከየካቲት እስከ መጋቢት እንግሊዝና ጣሊያን እዚያ ተራራ ላይ ሲዋጉ በጣሊያን በኩል በብዛት የረገፈው እሱ ነው። የመቃብር ቦታው ዛሬም አለ። ከጣሊያኖቹ መቃብር አለፍ ብሎ በነጭ ድንጋይ ተሰልፈው የተሠሩ መቃብሮች ይታያሉ፣ በብዙዎቹ ላይ የሰው ስም የለም። የተጻፈው በጣሊያንኛ «ያልታወቀ አስካሪ» ብቻ ነው።